ጥፋተኛው ቡናው ነው ወይስ ጨዉ?

ባለፈው ወር ለለቅሶ ቦንጋ ሄጄ አክስቴ ቤት ሰነበትኩ። ካፋ ተገብቶ ቡና ሳይጠጣ አይዋልም። በማግሥቱ ጠዋት ጎረቤቶቿ ተሰባሰቡ፤ ቡናው ተቆላ፣ ጀበናው ተጣደ፣ አቦሉ ተቀዳ። ተራው አክስቴ ዘንድ ሲደርስ ግን "ለእኔ ይቅርብኝ" ብላ ሲኒውን መለሰችው። አክስቴ ቡና እምቢ ስትል ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

"ምነው አክስቴ?" አልኳት።

"ደም ግፊት አለብሽ ተባልኩ ልጄ። ቡናውን ከተውኩት ስድስት ወር ሆነኝ።"

"ክኒኑንስ ትወስጃለሽ?"

"ራስ ምታቱ ሲተወኝ እሱንም ተውኩት። ደህና ሆኜ የለ?"

ምሳ ቀረበ። ቆጮ በጎመን፣ ዳጣም ከጎኑ። አክስቴ ገና ሳትቀምሰው ጎመኑ ላይ ከጨው ዕቃው ቆንጥራ ነሰነሰች፤ ዳጣው ራሱ ጨው የበዛበት ነው። ቡናው ቀርቷል፣ ክኒኑ ቀርቷል፣ ጨዉ ግን እንዳለ ነው። በነጋታው ለምኜ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ሁለት ጊዜ ለካቻት፤ 178 በ102። ቡና ሳትጠጣ ስድስት ወር የቆየች ሴት ናት።

ይህ የአክስቴ ታሪክ ብቻ አይመስለኝም። ደም ግፊት አለባችሁ የተባሉ ብዙ እናቶችና አባቶች መጀመሪያ የሚያባርሩት ቡናን ነው። ስለዚህ ጥናቶቹ ስለ ቡና የሚሉትን እንይ።

ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግፊትን ለጊዜው ከፍ ማድረጉ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የቀደሙ ጥናቶችን አሰባስበው የመረመሩ ባለሙያዎች፣ ደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም ካፌይን ሲወስዱ የላይኛው ቁጥር በአማካይ በ8፣ የታችኛው በ6 ገደማ እንደሚጨምር፣ ይህም ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ እንደሚቆይ አገኙ። ቡናን ለረጅም ጊዜ አዘውትሮ መጠጣት ግፊትን ለዘለቄታው ከፍ እንደሚያደርግ የሚያሳይ ማስረጃ ግን አላገኙም።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ሰዎች ግን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የወጣ የጃፓን ጥናት ከ40 እስከ 79 ዓመት የሆናቸውን 18,600 ያህል ሰዎች ለ19 ዓመት ገደማ ተከታትሏል። ግፊታቸው 160 በ100 እና ከዚያ በላይ ከሆነው መካከል በቀን ሁለትና ከዚያ በላይ ኩባያ ቡና የሚጠጡት፣ ቡና ከማይጠጡት ጋር ሲነጻጸሩ በልብና በደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድላቸው እጥፍ ሆኖ ተገኘ። አንድ ኩባያ በሚጠጡትና ግፊታቸው ከዚያ ዝቅ ባለው ላይ ይህ አልታየም። ጥናቱ ሰዎችን በመከታተል የተሠራ ስለሆነ ገዳዩ ቡናው ራሱ ነው ብሎ አያረጋግጥም። የጃፓኑ ኩባያና የእኛ ሲኒም መጠናቸው አንድ አይደለም። የሚሰጠን ምክር ግን ግልጽ ነው፤ ግፊቱ በጣም ከፍ ያለ ሰው እስኪወርድለት ድረስ ቡናውን ይቀንስ። አቦሉን ጠጥቶ ቶናውንና በረካውን ለሌላው ይተው።

ወደ ጨው እንምጣ። ጨው በካፋ ምድር ክብር ያለው ነገር ነው። አሞሌ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል በነበረበት ዘመን፣ ከሩቅ ሰሜን የተነሣ ጨው በነጋዴ ጭነት ቦንጋ ገበያ ይደርስ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ሲኒው ውስጥ ጨው ጣል ማድረግ፣ ቅቤም መጨመር፣ በአክስቴ ቤት እስከ ዛሬ የአክብሮት ምልክት ነው። ያ ውድ ጨው ዛሬ በየሱቁ ሞልቷል፤ እጃችን ግን አልተቆጠበም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። ይህ አንዲት ሙሉ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ወጡ፣ ዳጣው፣ ዳቦው፣ ሲኒው ውስጥ የሚጣለው ሁሉ ተደምሮ ማለት ነው። ጨው በበዛ ቁጥር ሰውነት ውኃ ይይዛል፤ በደም ሥር የሚያልፈው መጠን ይጨምራል፤ ግፊቱም አብሮ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ የታተመ የቻይና ጥናት ይህን በገጠር ቤቶች ፈትሾታል። በ600 መንደሮች የሚኖሩ 21,000 ያህል ሰዎች ተካተቱ፤ ቀድሞ ስትሮክ የመታቸው ወይም 60 ዓመት ሞልቷቸው ደም ግፊት ያለባቸው ነበሩ። የግማሹ መንደር ሰዎች ከተለመደው ጨው ሩቡ በፖታሲየም ጨው የተተካበት ተሰጣቸው። ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ በእነዚህ ላይ ስትሮክ በ14 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በጥር 2025 እንዲህ ያለውን ጨው ለአዋቂዎች የሚመክር መመሪያ አውጥቷል። ሆኖም የኩላሊት ሕመም ላለባቸው፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት ምክሩ አይሠራም። እኛ ግን እሱ እስኪገኝ መጠበቅ የለብንም፤ ያለውን መቀነስ ምንም አያስወጣም። የምትቀረዋ ጥቂት ጨው አዮዲን ያለባት ትሁን።

ሦስተኛው ክኒኑ ነው፤ አክስቴ ትልቁን ስህተት የሠራችው እዚህ ላይ ነው። ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ራስ ምታት ተወኝ ማለት ግፊቱ ወረደ ማለት አይደለም። በክኒን የወረደ ግፊትም ክኒኑ ሲቆም ተመልሶ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ላይ 1.4 ቢሊዮን ሰዎች ከደም ግፊት ጋር ይኖሩ ነበር፤ ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የሆነው ግን ከአምስቱ አንዱን ብዙም አያልፉም። ክኒኑ ካልተስማማችሁ፣ ካሳላችሁ ወይም እግራችሁን ካሳበጠው፣ ለሐኪሙ ተናገሩና ይቀየርላችሁ። በራሳችሁ አታቁሙት።

ልኬቱም ሥርዓት አለው። ከመለካት በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም። ሽንት ተሸንቶ፣ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ፣ ጀርባን አስደግፎ፣ እግር ሳያነባብሩ፣ ክንድን በልብ ትይዩ አሳርፎ መለካት ነው። ከቡና ማኅበር ተነሥቶ፣ ዳገት ወጥቶ፣ እያለከለኩ የተለካ ቁጥር ያሳስታል። በሁለት የተለያዩ ቀናት 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ደም ግፊት ነው።

ልጆችና የልጅ ልጆች ደግሞ ይህችን ያዙ። የአያታችሁ አፍ ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከዛለ ወይም ንግግራቸው ከተኮላተፈ፣ "ይተዋቸዋል" ብላችሁ አትጠብቁ። ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው።

ከቦንጋ ከመመለሴ በፊት አክስቴ ክኒኗን ጀምራ ነበር። ክኒኑን የምትውጥበትን ሰዓት ከጠዋቱ ቡና ጋር አቆራኘነው፤ ጀበናው ሲጣድ ትውጣለች። ሐኪሙ አንድ ሲኒ ፈቅዶላታል። ቡናዋን ስትተው ለካ ጎረቤቶቿንም ትሸሽ ኖሯል፤ "ሳልጠጣ ምን ብዬ ልቀመጥ?" ብላ ጓዳ ትገባ ነበር። በመጨረሻው ጠዋት ከመካከላቸው ተቀምጣ ያለ ጨው የተቀዳላትን አቦል ፉት አለችና ፊቷን ኮሶ አስመሰለችው።

"ይኼ ደግሞ ቡና ነው?" አለች። ሲኒውን ግን አልመለሰችውም።

ትናንት ስደውል ልኬቷ 146 በ88 መድረሱን ነገረችኝ። ገና ነው፤ ቀጠሮዋ በሁለት ሳምንት ነው። እናንተም ዛሬ ወላጆቻችሁን ስትጠይቁ "ደህና ናችሁ?" ብቻ አትበሉ፤ "ክኒኑን ዛሬ ወሰዳችሁ?" በሉ።