መሀል መንገድ የቀረ ታሪክ

በዚህ መንፈቅ ዓመት ከራት በኋላ በየመኝታ ቤታችን አንድ ኮምፒዩተር ተከብቦ የሚታየው ምን እንደ ሆነ ለማንም የተሰወረ አይደለም። «ሮም» የተባለው ተከታታይ ድራማ በፍላሽ ከክፍል ወደ ክፍል፥ ከፎቅ ወደ ፎቅ ሲዘዋወር ከርሞ እነሆ አብዛኞቻችን ጨርሰነዋል። ጨርሰነዋል ማለታችን ግን ለአነጋገር ያኽል ነው፤ ድራማው ራሱ አልተጨረሰምና። ሀያ ሁለተኛው ክፍል ያለቀ ሌሊት «ቀጣዩስ የት አለ?» ያላለ ሰው አልነበረም። ቀጣይ እንደሌለው፥ የተቋረጠውም ብዙዎቻችን ገና ድክ ድክ በምንልበት ዘመን እንደ ሆነ ስንረዳ ያደረብን ኀዘን በቀልድና በወሬ ብቻ እንዲያልፍ አልወደድንም።

ነገሩን ለማያውቁት በአጭሩ እንግለጽ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች፥ ካልተገለጸ በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) «ሮም» የአሜሪካው ኤች.ቢ.ኦ.፥ የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. እና የኢጣሊያው ራይ በኅብረት ያሠሩት ድራማ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ 12 ክፍል ሆኖ በ2005፥ ሁለተኛው 10 ክፍል ሆኖ በ2007 ታየ። ለመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ 100 ሚሊዮን ዶላር ያኽል ወጥቶበታል። ሰባት የኤሚ ሽልማቶችንም አግኝቷል። በሁለተኛው ምዕራፍ ፍጻሜ ግን ነገሩ ሁሉ ቆመ።

ፍቅራችን ከምን መጣ? በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርናት ሮም የነጭ እብነ በረድ፥ የድል አድራጊዎች ስምና የጦርነት ዓመተ ምሕረት ነበረች። ይህ ድራማ ግን በጓዳ በር አስገባን። ግድግዳው በቀይና በቢጫ ቀለም የተቀባ፥ በላዩም ስድብና ሥዕል የተጫረበት ነው፤ መንገዱ ጭቃ፥ ገበያው ጫጫታ ነው፤ ባሪያው በየቤቱ ጥግ ቆሞ ሁሉን ይሰማል። በአደባባዩ ላይ እጁን እያወናጨፈ የዕለቱን ወሬ የሚያሰማውን ያን ወፍራም ሰው ስናይ ነጋሪት የሚያስጎስሙትን የአገራችንን አዋጅ ነጋሪዎች አስታውሰናል።

ከሁሉ በላይ ታሪኩን የሚሸከሙት ቄሣርና አንቶንዮስ ሳይሆኑ ሉሲየስ ቮሬኑስና ቲቱስ ፑሎ የተባሉ ሁለት ወታደሮች ናቸው። ስማቸው ከደራሲ ልብ የፈለቀ አይደለም። ጁልየስ ቄሣር ስለ ጋልያ ጦርነት በጻፈው መጽሐፍ በአምስተኛው ክፍል ይገኛል። በማዕርግ የሚፎካከሩ ሁለት የመቶ አለቆች ነበሩ፤ ፑሎ ከምሽጉ ወጥቶ በጠላት ሲከበብ ቮሬኑስ ደርሶ አዳነው፤ ቮሬኑስም በተራው ሲወድቅ ፑሎ መልሶ አዳነው። ቄሣር ይህን በጥቂት መስመር ጠቅሶ አለፈ። ድራማው ግን ከእነዚያ ጥቂት መስመሮች ሁለት ሙሉ ሰዎች አወጣ። ከረጅም ዘመቻ ሲመለስ ልጆቹ የማያውቁት አባት፥ ሰይፍ እንጂ ሌላ ሙያ የሌለው ወታደር፥ እንዲህ ያለውን ሰው ለማግኘት ሮም መሄድ አያሻንም፤ በየመንደራችን አለ።

ስሕተት የለበትም አንልም። አንዳንድ መምህሮቻችን ሲነቅፉት ሰምተናል፤ ነቀፌታቸውም እውነት አለበት። የኦክታቪያን እናት አትያ በድራማው ውስጥ ተንኰለኛና ሴሰኛ ሆና እስከ ፍጻሜው ትኖራለች። እውነተኛይቱ አትያ ግን ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ43 ዓመት የሞተች፥ ታሪክ ጸሐፊው ታሲቱስም ለመልካም የልጅ አስተዳደግ ምሳሌ አድርጎ የጠቀሳት ሴት ናት። ከአባትና ከእናት ጋር ተቀምጦ ለማየት የሚያሳፍር ነገርም ሞልቶበታል። ይሁን እንጂ «ይህስ እውነት ነው ወይስ ፈጠራ?» ብለን ክርክር ገጥመን፥ ክርክሩን ለመፍታት በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት የገባን ጥቂቶች አይደለንም። ይህን ያደረገ ድራማ ከነጉድለቱ ባለውለታችን ነው።

የመቋረጡ ዋና ምክንያት ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ ተጽፎ ሳያልቅ ሦስተኛ እንደማይኖር ለደራሲዎቹ ተነገራቸው። ከፈጠሩት ደራሲዎች አንዱ የሆነው ብሩኖ ሄለር አምስት ምዕራፍ አስቦ እንደ ነበረ በኋላ ተናግሯል። ሁለተኛው በብሩቱስ ሞት ሊያበቃ፥ ሦስተኛውና አራተኛው በግብፅ ሊሆኑ፥ አምስተኛውም በፍልስጥኤም የመሲሕን መነሣት ሊያሳይ ነበር። ይህ ሲከለከል የቀረው ታሪክ በአንድ ጆንያ ተጠቀጠቀ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ከልደት በፊት ከ52 እስከ 44 ያለውን ስምንት ዓመት ያኽል በ12 ክፍል ሲተርክ፥ ሁለተኛው ከዐሥራ አራት ዓመት የማያንሰውን በ10 ክፍል አጣደፈው። የሮምን ዕድል የወሰነው የአክቲዩም የባሕር ጦርነት እንኳ አይታይም፤ የመጨረሻው ክፍል ሲከፈት አንቶንዮስ ተሸንፎ በጀልባ ተቀምጦ እናገኘዋለን። በነሐሴ ወር 2007 ደግሞ ድራማው በተሠራበት ቦታ እሳት ተነሥቶ ከተማይቱን ለማስመሰል ከተሠራው ሕንፃ ከፊሉን አቃጠለው።

የከፋዮቹን ችግር አንክድም፤ የሚያወጣ ሰው ሒሳብ ይይዛል። ነገር ግን ይኸው ኤች.ቢ.ኦ. ከአራት ዓመት በኋላ በ2011 «ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን ጀምሮ እስከ 2019 ስምንት ምዕራፍ፥ 73 ክፍል አሳይቷል። ላልነበረ አገር ታሪክ 73 ክፍል ሲገኝ ለነበረው 22 በቃው!

«ለመሆኑ የሮም ነገር እኛን ምን አገባን?» የሚለን ወንድም ወይም እኅት ይኖራል። እንመልስ። ድራማው የተሠራው ሮም ከተማ ቺኔቺታ በተባለው የሲኒማ መንደር ነው። ይህ መንደር በሙሶሊኒ መንግሥት ተሠርቶ የተመረቀው ሚያዝያ 28 ቀን 1937 ነበር፤ በአዲስ አበባ የየካቲት 12 እልቂት ከተፈጸመ ገና ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ሆኖታል። በዚያው ዓመት የፋሺስቱ መንግሥት ገንዘብ የፈሰሰበት «ሺፒዮኔ ላፍሪካኖ» የተባለ ሲኒማ ሮም አፍሪካን ድል ስትነሣ አሳየ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ግንቦት 9 ቀን 1936፥ በእኛ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ያዝሁ ብሎ የሮም ግዛት ዳግመኛ እንደ ተነሣ አውጆ ነበርና። እንግዲህ አያቶቻችንን የፈጀ ጦር የመጣው የቄሣርን ስም ይዞ ነው። ያ ነጭ እብነ በረድ የወረራ ጌጥ ሆኖ በተቀረጸበት መንደር፥ ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ ጭቃዋንና ባሪያዋን ሳትደብቅ የቆመች ሮም መታየቷ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም።

ደግሞም ተቆርጦ የቀረው ገጽ ለእኛ የሚቀርበው ገጽ ነው። ከልደት በፊት በ30 ዓመት ግብፅ በሮም እጅ ከወደቀች በኋላ የሮም ታሪክ ወደ ዓባይና ወደ ቀይ ባሕር ዞረ። የግብፁ ገዥ ፔትሮኒዩስ ግሪኮች «ኢትዮጵያውያን» ከሚሏቸው ከኩሽ ሰዎች ጋር ተዋጋ። የኩሽ ሰዎች የማረኩት የአውግስጦስ የነሐስ ሐውልት ራስ በ1910 በመርዌ ከቤተ መቅደስ ደረጃ ሥር ተቀብሮ ተገኘ፤ ገቢው ሁሉ እየረገጠው እንዲያልፍ ያደረጉት ይመስላል። ስትራቦን እንደ ጻፈው በዚያ ዘመን ከአንድ የግብፅ ወደብ ብቻ እስከ 120 መርከቦች ወደ ሕንድ ይጓዙ ነበር። በመጀመሪያው መቶ ዓመትም ስሙ ያልታወቀ ሰው በግሪክኛ በጻፈው የባሕር ጉዞ መጽሐፍ አዱሊስን፥ አክሱምንና ዞስካሌስ የተባለውን ገዥ እናገኛለን። ድራማው ቢቀጥል ይህን ሁሉ ባሳየን ነበር አንልም፤ ምናልባት ከእስክንድርያ ቤተ መንግሥት ባልወጣም ነበር። ግን መንገዱ ወደዚያ ያመራ ነበር፤ መንገዱ ተቆረጠ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ማዘን ይበቃል። ታሪክን በሌላ ሰው ገንዘብ የሚሰማ ሕዝብ ከፋዩ በቃኝ ባለበት ቦታ ተነሥቶ ይሄዳል። ትልቁ ቁጭታችን ይህ ነው እንጂ የአንድ ድራማ መቅረት ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ የታሪክ ትምህርት ክፍል መምህሮቻችን ድራማው ካቆመበት ተነሥተው፥ ከአክቲዩም እስከ አዱሊስ ያለውን፥ በአንድ ምሽት እንዲተርኩልን በአክብሮት እንለምናለን። አዳራሹን ለመሙላት እኛ ዋስ ነን። ሁለተኛ፥ የቴያትር ክበባችን አባሎች ሆይ፥ በነገሥታቱ ዜና መዋዕሎች ውስጥ በአንድ መስመር ተጠርተው የቀሩ ስንት ቮሬኑሶችና ፑሎዎች አሉ! ከመካከላቸው አንዱን ምረጡ፤ ቤቱን፥ ሚስቱን፥ ዕዳውን ፈልጉለት፤ መድረክ ላይ አቁሙት። ይህ 100 ሚሊዮን ዶላር አይጠይቅም፤ ማንበብና መድከም ይጠይቃል።

ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይባላል። እኛ ያላከበርነውን ታሪካችንን ኤች.ቢ.ኦ.ም ሆነ ሌላው መጥቶ ያከብርልናል ብለን አንጠብቅ። ሌሎች የጀመሩት መሀል መንገድ ቢቀር አዝነናል፤ የእኛው ሳይጀመር ቢቀር ግን የምናዝንበት ፊት የለንም።