ማርክ ሲወርድ ምክንያቱ ይጠየቅ

በዘንድሮው መጽሔታችን ልጽፍበት የመረጥሁት ጉዳይ ይህ ነው። ሐኪም ለመሆን የሚመኝ ተማሪ ብዙ ዓመት በደኅና ውጤት ተጕዞ፣ ወደ መጨረሻው ላይ ማርኩ ዝቅ ቢልበት፣ ምክንያቱን የሚያስረዳበት መንገድ ሊኖረው ይገባል ወይስ አይገባም? በበኩሌ ይገባል እላለሁ፤ ነገር ግን አስረጂውም ደንብ ይኑረው እላለሁ።

አስቀድመን የአገራችንን አሠራር እንመልከት። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ይማራል፤ ወደ ሕክምና የሚመደበውም የ12ኛ ክፍል ፈተናውና የዩኒቨርሲቲ ውጤቱ ታይቶ ነው። ምደባው በዋነኛው የሚሠራው በቍጥር ነው፤ ቍጥር ደግሞ ማርኩ ምን ያህል እንደ ወረደ ይናገራል እንጂ ለምን እንደ ወረደ አይናገርም።

በሽተኛ ሐኪም ቤት ሄዶ የሙቀት መለኪያው 39 ዲግሪ ቢያሳይ፣ ትኵሳት መኖሩ ታወቀ፤ ወባ ይሁን ታይፎይድ ግን ገና አልታወቀም። ስለዚህ ሐኪሙ «መቼ ጀመረህ? ከዚያ በፊትስ እንዴት ነበርህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ደሙንም ያስመረምራል። ማርክም እንዲሁ ነው። ከዓመት ወደ ዓመት ጥቂት በጥቂት የወረደ ተማሪና፣ በአንድ ወር ውስጥ በሁሉም ትምህርት ባንድነት የወረደ ተማሪ፣ ሕመማቸው አንድ አይደለም። ሐኪም የሚሆነውን ሰው የሚመርጡ ሰዎች የሐኪምን ጥያቄ ቢጠይቁ ምን ያስነውራል?

እኛ የአዊ ተማሪዎች ይህን በዓይናችን እናየዋለን። ብዙዎቻችን ከገጠር መጥተን እንጅባራ ወይም ዳንግላ ቤት ተከራይተን፣ ስንቃችንን እየተሸከምን እንማራለን። በፋግታ ለኮማ ዲከረንስ ተክለው፣ ከሰል እያከሰሉ ልጆቻቸውን ያስተማሩ ወላጆች፣ ዛፉን በሽታ ሲመታባቸው የልጁ የቤት ኪራይ አብሮ ተመታ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ተማሪው ከመምህሩ ተለይቶ ከርሟል። እኔም ብሆን በ11ኛ ክፍል ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አባቴ ታሞ ስድስት ሳምንት ሳስታምም፣ የኬሚስትሪ ማርኬ ከ91 ወደ 68 ወርዷል። አባቴ ተመስገን ድኗል፤ 68ቱ ግን በካርዴ ላይ ብቻውን ቀርቷል፤ አጠገቡ አንዲት ቃል የለችም።

ታዲያ ይህ በር ቢከፈት ሰነፉ ሁሉ ሰበብ ይዞ አይመጣምን? የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገ የሚታከመው ሰው፣ ሐኪሙ ትምህርቱን ያልተማረው በችግር ምክንያት ነው ቢባል ከሞት አይድንም። ስለዚህ ምክንያት ማርክ አይጨምር፤ ያልታወቀውንም ትምህርት እንደ ታወቀ አያስቈጥር። የምጠይቀው ተማሪው እንዲደመጥና እንደ ገና እንዲፈተን ብቻ ነው።

አስረጂውም ሦስት ነገር ይኑረው። አንደኛ፤ ችግሩ የጀመረበትና ያበቃበት ቀን ይጻፍ። ሁለተኛ፤ ማስረጃ ይቅረብ፤ ይኸውም የሐኪም ቤት ወረቀት፣ የቀበሌ ደብዳቤ ወይም የመምህር ምስክርነት ነው። ሦስተኛ፤ ችግሩ ካለፈ በኋላ ተማሪው የሠራው ሥራ ይታይ። ተነሥቶ ማርኩን ካላቀና፣ ነገሩ ልቅሶ እንጂ አስረጂ አይሆንም። ደግሞም አጭር ይሁን፤ ሰበብ ይረዝማል፤ እውነተኛ ምክንያት ግን በአምስት መስመር ያልቃል።

ይህ በዓለም ያልተሰማ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ሕክምና የሚማር ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ አራት ዓመት ኮሌጅ ይጨርሳል፤ ሲያመለክትም ከማርኩ ጋር ስለ ራሱ የጻፈውን ጽሑፍና የመምህራኑን ደብዳቤ ያቀርባል። የኋለኛው ዓመት ማርኩ ቢወርድ ምክንያቱን የሚናገርበት ቦታ አለው ማለት ነው። ይሁን እንጂ ኤምካት ከሚባለው የመግቢያ ፈተና ደብዳቤው አያድነውም፤ መደመጥና መፈተን አብረው ይሄዳሉ።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፤ ችግር ሲደርስባችሁ ማርክ ከወጣ በኋላ ሳይሆን በዚያው ሳምንት ለክፍል ኀላፊ መምህራችሁ ንገሩ። መምህራን ሆይ፤ በካርዱ ላይ ከቍጥሩ አጠገብ አንድ መስመር ጻፉልን። ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁን ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ዩኒቨርሲቲዎችም ሕክምና ለሚመርጥ ተማሪ ምክንያቱን የሚጽፍባት አንዲት ገጽ ቢጨምሩ፣ በእርሷ ሰበብ አንድ ደኅና ሐኪም ለአገራችን ቢተርፍ ትርፉ የሁላችን ነው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፤ ዳንግላ