ስሙን ሸፍኑና ሥዕሉን እዩት

ለንደን ዘመድ ያለው ሰው ለጥየቃ ሲሄድ የሚወሰድበት ቦታ መቼም አይጠፋም። እኔንም የአክስቴ ልጅ በሁለት የተለያዩ ጊዜያት ሁለት ቦታ ይዛኝ ሄዳለች። አንዱ ቴምዝ ወንዝ ዳር ያለው ቴት ብሪቴን ነው፤ በዚያ ዓመት ለ«ተርነር» ሽልማት የታጩት አርቲስቶች ሥራ እዚያ ይታይ ነበር። ሌላው ፒካዲሊ ያለው ሮያል አካዳሚ ነው፤ ማንም ሰው ሥራውን አስገብቶ የሚወዳደርበት የበጋ ኤግዚቢሽን ቤት።

ከሽልማቱ እንጀምር። «ተርነር» የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ዳኞች ጥቂት አርቲስቶችን ያጫሉ፣ ሥራቸው ለሕዝብ ይታያል፣ በመጨረሻ አሸናፊው ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2001 ያሸነፈው ማርቲን ክሪድ ያሳየው ባዶ ክፍል ነበር። መብራቱ አምስት ሴኮንድ ይበራል፣ አምስት ሴኮንድ ይጠፋል። በቃ! የአክስቴ ልጅ ይህን አጫውታኝ ስታበቃ፣ «መብራት መጥቶ መሄድ የሚያሸልም ከሆነማ የእኛ ሰፈር ገና ድሮ በተሸለመ ነበር!» አለችኝ።

ሳቅን። በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሰዎቹ በሽልማታቸው በአደባባይ ይጣላሉ፤ ጠቡም ደንብ ያስለውጣል። ከ50 ዓመት በታች ላሉ ብቻ ይሰጥ የሚለው ገደብ እ.ኤ.አ. በ2017 ተነሣ፤ በዚያው ዓመት ዛንዚባር የተወለደችው ሉባይና ሂሚድ በ63 ዓመቷ አሸነፈች። በ2019 ደግሞ አራቱ ዕጩዎች ተማክረው «አታበላልጡን፣ ለአራታችንም በጋራ ስጡን» አሉ፤ ዳኞቹም እሺ አሉ። እኛ ዘንድ ሽልማት ላይ ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፤ ምቀኛ!

አሁን ወደ ፒካዲሊ። የአካዳሚው የበጋ ኤግዚቢሽን እ.ኤ.አ. ከ1769 ጀምሮ አንድም ዓመት አልታጎለም። ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች አላስቆሙትም። ኮሮና ያመሰው 2020 እንኳ ወደ ኦክቶበር ገፋው እንጂ አላስቀረውም። መመዝገቢያውን የከፈለ ሁሉ ያስገባል፤ ጡረተኛው፣ የቤት እመቤቷ፣ የትምህርት ቤት አስተማሪው። የተመረጠለት ሥራው ስመ ጥሩው ሠዓሊ አጠገብ ይሰቀልለታል። ግድግዳው እስከ ላይ ድረስ ጢም ብሎ ስለሚሞላ አንገታችሁ እስኪያማችሁ ታንጋጥጣላችሁ። አብዛኛው ሥራ ለሽያጭ የቀረበ ነው፤ ከኤግዚቢሽኑ የሚገኘውም ገንዘብ ወጣት አርቲስቶችን ያለ ክፍያ የሚያስተምረውን የአካዳሚውን ትምህርት ቤት ይደጉማል።

ታዲያ እዚያ ሁሉ ነገር ፍትሐዊ ነው ማለቴ ነው? የለም! የአካዳሚው አባላት የሆኑ አርቲስቶች እስከ ስድስት ሥራ ያለ ውድድር የማሳየት መብት አላቸው። «ላለው ይጨመርለታል» እዚያም አለ።

የ2018ቱ ጉድ ደግሞ ይብሳል። ማንነቱን ደብቆ በየግድግዳው የሚስለው ባንክሲ፣ «ብራያን ኤስ. ጋክማን» በሚል የፈጠራ ስም ሥራ አስገባ። ውድቅ ሆነ። ከወር በኋላ የኤግዚቢሽኑ አስተባባሪ ለባንክሲ ደብዳቤ ጻፈለት፤ የምታሳየን ነገር ይኖርህ ይሆን? የሚል። እሱም የዚያኑ ውድቅ የሆነውን ሥራ ሌላ ቅጂ ላከ። ወዲያው ተሰቀለ! ይህን ያወራው ራሱ ባንክሲ ነው።

እስቲ ልብ በሉልኝ። እጁ ያው፣ ሐሳቡ ያው፤ የተለወጠው ስሙ ነው። በሩን ለሁሉም ከፍተናል በሚሉት ዘንድ ስም ይህን ያህል ከሠራ፣ በሩ ገርበብ ባለበት አገር ምን ሊሠራ ነው?

ወደ ቤታችን እንመለስ። ሽልማትስ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1964 አፈወርቅ ተክሌን፣ በ1965 ገብረ ክርስቶስ ደስታን፣ በ1967 እስክንድር ቦጎስያንን ሸልሟል። የሚገባቸው ነበሩ። ግን ዘውዱ ሲወርድ ሽልማቱም አብሮ ወረደ። ደግሞም ሽልማት የሚያከብረው ቀድሞ የታየውን ነው፤ ገና ያልታየውን ማን ይየው?

የእኛን የኤግዚቢሽን መክፈቻ አስቡት። የክብር እንግዳው ሪባን ይቆርጣሉ። ካሜራው እሳቸውን ይከተላል። ታዳሚው ብርጭቆውን ይዞ፣ ጀርባውን ለሥዕሉ ሰጥቶ ያወጋል። ሠዓሊው ማን ነው? የማን ተማሪ ነው? ማን አመጣው? ይህ ሁሉ ከተጠየቀ በኋላ ነው፣ ጊዜ ከተረፈ፣ ሥዕሉ የሚታየው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ!

ደሴ ወይ ጅማ ሆኖ ማታ ማታ የሚስል አስተማሪ አለ እንበል። አዲስ አበባ ሰው አያውቅም። ሥራውን ጠቅልሎ አውቶቡስ ላይ ቢጭን የት ሄዶ ያውርደው?

«ለማንም ከተከፈተ ጥራት ይወርዳል» የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። በር መክፈት ዳኛ ማባረር አይደለም። ለንደንም ቢሆን ከሚገባው ብዙው ይመለሳል። ውድቅ መሆን ሌላ ነው፣ ሳይታዩ መቅረት ሌላ። ውድቅ የሆነ ሰው ተናድዶም ቢሆን ለከርሞ ሌላ ሥራ ይዞ ይመጣል። ሳይታይ የቀረ ግን ቡሩሹን ይሰቅላል።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በዓመት አንዴ፣ አንድ አዳራሽ። ሥራው በስም ሳይሆን በቁጥር ይግባ። ዳኞቹ እነማን እንደሆኑ አስቀድሞ ይነገር። ለታዋቂውም ለጀማሪውም ሚዛኑ አንድ ይሁን፤ ያለ ውድድር የሚሰቀል አይኑር። ስሙ የሚገለጠው ሥዕሉ ከተሰቀለ በኋላ ይሁን።

ከዚያ በኋላ እንደ ለንደኖቹ በሥዕሉ እንጣላ። ይሄ ጥበብ ነው፣ አይደለም እንባባል። በሠዓሊው ዘር ማንዘር ከመጣላት ይሻላል።