በሽቦ የታሰረ ፓራውልት

«ጋሼ፣ አይታይም እኮ!» አለኝ የጋራዡ ልጅ። የፊት መብራት ሊቀይርልኝ ፓራውልቱን ሲያወልቅ፣ ከጎማው በላይ የተደበቀችውን ብሎን ሳይፈታ ጎትቶ ክሊፖቹን ሰባብሯቸዋል። ከዚያም በሽቦ ጠፍሮ አስረከበኝ። ሒሳቡ ግን ሙሉ ነው።

ተናደድኩ። ግን በማን? ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አውጥተው ነበር። ስድቡን ከአፋችን አወጣነው፤ ከሆዳችን ግን አልወጣም። እኔ ራሴ ስንቱን ተማሪ «ካላነበብክ ጋራዥ ነው የምትገባው!» ብዬ አስፈራርቻለሁ መሰላችሁ! እንደ ቅጣት የላክነው ልጅ በምን ፍቅሩ የተደበቀ ብሎን ይፈልግልን?

እሑድ ዕለት ካቻቢቴ ይዤ ተንበረከክሁ። (ጉልበቴ እስካሁን ያመኛል።) ክሊፕ ጉልበት አይወድም፤ መጀመሪያ የመሐሏን እንብርት ብቅ ማድረግ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መንቀል ነው። የጭጋግ መብራቱን ሶኬት ሳትነቅሉ ደግሞ ፓራውልቱን እንዳትስቡት፤ ገመዱ ይበጠሳል። የተሰነጠቀውን ጆሮ በሱፐር ግሉ ሞከርኩት፤ አልያዘም። አብዛኛው ፓራውልት የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን ለካ ማጣበቂያ አይቀበልም! ቀጭን የብረት ወንፊት ከጀርባው አስደግፌ፣ በጋለ ብረት እያቀለጥኩ ፕላስቲኩ ውስጥ ቀበርኩት። ክሊፖቹን ከሶማሌ ተራ ገዛሁ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ልጁ በአንድ ሰዓት ጨርስ ተብሎ የሚጮኽበትን ሥራ ማለት ነው።

«መምህር፣ ያን ሁሉ የተማሩት ለዚህ ነው?» አለኝ አንድ ጎረቤቴ፣ አንጀቱ ተላውሶ።

የእሱም ፓራውልት በሽቦ ነው የታሰረው።