ክሱ ሳይጻፍ ሰነዱ ይደርደር

በደል የደረሰበት ሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ በቆረጠ ጊዜ አስቀድሞ የሚያደርገው በአጥሩ ሥር ከተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ቀርቦ የልቡን ቃጠሎ ከጥንት ከመሠረቱ ጀምሮ መተረክ ነው፤ ጸሐፊውም የሰማውን ሁሉ ገጽ በገጽ ሲያሰፍር ይቆይና ጽሕፈቱ ተፈጽሞ ባለጉዳዩ ሊፈርምበት በተቃረበ ሰዓት «ለመሆኑ ማስረጃ አለዎት?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰነዱ የታጨቀበት ፌስታል የሚፈታው ያን ጊዜ ነው። ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ መሆኑንና እጅግ ብዙ እውነተኛ ነገር በዚሁ ምክንያት ከዳኛ ዓይን ተሰውሮ የሚቀር መሆኑን ለአንባቢ ለማስረዳት እወዳለሁ።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 223 ከሳሽ ከክሱ ማመልከቻ ጋር የማስረጃውን ዝርዝር እንዲያያይዝ፣ የምስክሮቹን ስምና ሙሉ አድራሻ ከሚመሰክሩለት ነገር ጋር እንዲገልጽ፣ በእጁ ያለውን ሰነድ ዋናውን ወይም የተረጋገጠ ግልባጩን እንዲያቀርብ፣ በእጁ የሌለውንም በማን ዘንድ እንደሚገኝ እንዲያመለክት ያዛል። በቁጥር 137 ደግሞ ነገሩ በሚሰማበት በመጀመሪያው ቀን ያልቀረበ ሰነድ ያለ በቂ ምክንያት በኋላ ተቀባይነት እንዳያገኝ ይደነግጋል። ሕጉ ይህን ማለቱ ባለጉዳይን ለማስጨነቅ አይደለም፤ ተከራካሪዎች አንዱ ሌላውን በድንገት እንዳያጠምደው፣ ሁሉም በብርሃን እንዲሟገት ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለዘመዳቸው 85,000 ብር አበድረው ያጡ አንዲት ጎረቤቴ አሥራ አንድ ገጽ የሞላ የክስ ረቂቅ ይዘው «ልጄ፣ እስቲ አንብብልኝ» ብለው ወደ ቤቴ መጡ። በረቂቁ ውስጥ በሠርግ ላይ የተነገራቸው ስድብ፣ ተበዳሪው በልጅነቱ ከቤታቸው የበላው እንጀራ፣ የሟች ባለቤታቸው ደግነት ሁሉ በዝርዝር ሰፍሯል፤ ብድሩ ግን በሰባተኛው ገጽ ላይ በሁለት መስመር ብቻ ተነግሯል። ማስረጃዎን ያሳዩኝ ብላቸው «አምስት ሰው ያውቃል፤ አምስቱም ይመሰክሩልኛል» አሉኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በቁጥር 2472 ከ500 ብር የበለጠ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ወስኗል። 500 ብር በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ጎረቤት ለጎረቤት የሚያበድረው ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ልክ ያልፋል፤ ስለዚህ በምስክር ብዛት ተማምኖ ወረቀቱን ችላ የሚል አበዳሪ ሁሉ በዚህ ቁጥር ፊት ይወድቃል።

ይዘውት የመጡትን የሰነድ ፌስታል መደብ ላይ ዘረገፍነው። የመብራት ደረሰኝ፣ የልጆች የክትባት ካርድ፣ የእድር ደብተርና የታክስ ወረቀት ተደባልቀው ወጡ፤ በመካከላቸውም አራት ላይ የታጠፈ የብድር ውል ተገኘ፤ እጥፋቱ በአንደኛው ምስክር ፊርማ ላይ አልፎ ቀለሙን ፍቆታል። የባንኩ ደረሰኝ ደግሞ ሙቀት አገርጥቶት ፊደሉ በመስኮት ብርሃን ካልሆነ የማይነበብ ሆኖ ነበር። ሌላም ነገር ገጠመን፤ ውሉ የተጻፈው መጋቢት 3 ቀን 2010 ዓ.ም. ሲሆን ደረሰኙ የሚናገረው ማርች 14 ቀን 2018 ነው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያየ እንግዳ ሰው ገንዘቡ ከውሉ ስምንት ዓመት በኋላ የተከፈለ መስሎ ሊታየው ይችላል፤ በሐሳበ ዘመናችን ግን ያ ቀን መጋቢት 5 ነው፤ ይኸውም ውሉ በተፈረመ በሁለተኛው ቀን። በዝርዝሩ ላይ ሁለቱንም አቈጣጠር አስተያይተን ጻፍን፤ ለእያንዳንዱ ሰነድ ቁጥር ሰጠነው፤ ከቁጥሩም ጎን ሰነዱ የሚያስረዳውን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር አሰፈርን። ከዚያ በኋላ ክሱ እንደ አዲስ ሲጻፍ ሦስት ገጽ ብቻ ሆነ፤ እያንዳንዱ አንቀጽ የሚደገፍበትን ቁጥር ስለሚጠራ ትርፍ ነገር የሚገባበት ቦታ አልነበረምና። ግልባጩንም ለፍርድ ቤቱ፣ ለተከሳሹና ለራሳቸው ብለን አዘጋጀን።

ይህ ጥንቃቄ ከባዕድ አገር የመጣብን አይደለም። አበው ነገሥታት ለአድባራት ርስትና ጉልት በሰጡ ጊዜ ስጦታው በወንጌሉ ብራና ላይ ይጻፍ ነበር፤ በዘመኑ በሹመት ላይ የነበሩት ሰዎች ስም ለስምዕ ይዘረዘር፣ ጽሕፈቱንም የሚፍቅ ወይም የሚለውጥ እንዳይኖር ግዝት ይጨመርበት ነበር። ማን፣ ለማን፣ ምን፣ በማን ፊት የሚለው ሁሉ በአንድ ገጽ ተሟልቶ መጽሐፉም በዕቃ ቤት ተጠብቆ ይኖር ነበር።

ነገር ግን ሸክሙን ሁሉ ፊደል ባልቆጠረው ባለጉዳይ ላይ መጫን ርትዕ አይመስለኝም፤ ጠበቃ የሚያቆምበት ገንዘብ የሌለው ሰው ቁጥር 223ን ከየት ያውቃል? መዝገብ ቤቱ ማመልከቻ በሚመልስበት ጊዜ «ጎድሏል» በሚል የአፍ ቃል ብቻ ሳይሆን የጎደለውን ለይቶ በአማርኛ በተጻፈ ወረቀት ቢሰጥ፣ ራፖር ጸሐፊዎችም ብዕር ከማንሣታቸው አስቀድሞ ሰነዱን ማየት ልማድ እንዲያደርጉ ቢመከሩ፣ ወጪው ጥቂት ነው፤ በየቀጠሮው የሚባክነውን የዳኛና የባለጉዳይ ጊዜ ግን ብዙ ያተርፋል። ይህን የፍርድ ቤት አስተዳዳሪዎች በቸልታ እንዳያልፉት አጥብቄ እለምናለሁ።

ጎረቤቴ በቀጠሮው ቀን ከችሎት ሲቀርቡ አብሬያቸው ነበርሁ። ዳኛው ዋናውን አሳዩ ባሉ ጊዜ እናታችን ወረቀቱን ሳይፈልጉ ከፋይሉ አወጡ፤ ውሉና ደረሰኙም ከግልባጫቸው ጋር ተመሳከሩ። ተከሳሹ «ገንዘቡን መቀበልህን ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ መቀበሉን አመነ፤ ከፊሉን ግን መልሻለሁ አለ። ክርክሩም በዚያች ነጥብ ላይ ብቻ ተወስኖ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ጎረቤቴ ወደ ቤታቸው እንደ ገቡ ፋይሉን ከበዓል ልብሳቸው በታች በሳጥን አኑረው ቈለፉበት።