ድክ ድክ ለሚል ልጅ መሬት ይለቀቅለት

ገና መራመድ የጀመረ ሕፃን በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ ይወድቃል? የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ካረን አዶልፍና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት መሠረት ከ12 እስከ 19 ወር ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት እንደ ልባቸው እንዲጫወቱ ሲተዉ በሰዓት በአማካይ 2,368 እርምጃ ይራመዳሉ፤ 17 ጊዜም ይወድቃሉ። በዚያች አንድ ሰዓት የሚያካልሉት ርቀት 700 ሜትር ይደርሳል። ሂዱ ያላቸው፣ ተነሡ ብሎ የገፋፋቸው አልነበረም።

«ልጄ ውጭ ስናወጣው ቶሎ ይሰለቸዋል» የሚሉ ወላጆች ይህን ቁጥር ልብ ቢሉት መልካም ነው። ቅሬታው በየመናፈሻው ይሰማል። ሕፃኑን ዥዋዥዌ ላይ ሲያስቀምጡት ያለቅሳል፣ ሸርተቴ ላይ ሲያወጡት ይፈራል፣ ሲያወርዱት ወደ መንገድ ይሮጣል ወይም አፈር ይቅማል። ከዚያ «እቀፉኝ» ይመጣል፤ ቤተሰቡም ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በእንዲህ ያለው ቀን ልጁ የተሰላቸው ከጨዋታው ይልቅ አዋቂዎቹ ባወጡለት ፕሮግራም ነው። እናት ፎቶ ማንሣት ትፈልጋለች፣ አባት የተከፈለበት መጫወቻ እንዳያልፈው ይቸኩላል፣ ሕፃኑ ደግሞ የጉንዳን ሰልፍ አይቶ ቁጢጥ ብሏል። የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ መድረሻ ይዞ አይሄድም። ሦስት እርምጃ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ጠጠር ያነሣል፣ ይጥላል፣ መልሶ ያነሣል። እጁን ይዞ «ና እንሂድ» የሚል አዋቂ ጨዋታውን መሐል ላይ ያቋርጥበታል።

ሌላው ስሕተት መጫወቻ ማብዛት ነው። በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 36 ሕፃናትን አንድ ጊዜ በ4፣ ሌላ ጊዜ በ16 መጫወቻዎች መካከል አስቀምጠው ተመልክተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ሕፃናቱ በአንዱ ዕቃ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ የቆዩትና በልዩ ልዩ መንገድ የተጫወቱበት አራት ብቻ በቀረበላቸው ጊዜ ነው። ከረጢት ሙሉ ፕላስቲክ ተሸክሞ ወደ ግቢ መውረድ እንግዲህ ለማንም አይጠቅምም።

የሚጠቅመው ከማጀት ይገኛል። ባዶ ሃይላንድ፣ ጆግ፣ የእንጨት ማንኪያ፣ የጫማ ካርቶን፣ ትንሽ ውሃ። እንግሊዛዊው ሠዓሊና ቀራፂ ሳይመን ኒኮልሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ የልጆች የመፍጠር ችሎታ በአካባቢያቸው ካሉ ተንቀሳቃሽና ተለዋዋጭ ነገሮች ብዛት ጋር አብሮ እንደሚያድግ ተከራክሯል። መሬት ላይ የተተከለ የብረት ፈረስ ሁልጊዜም ፈረስ ነው። ካርቶን ግን ቤት ይሆናል፣ መኪና ይሆናል፣ ኮፍያ ይሆናል። ዕቃ ዕቃ ተጫውቶ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ይረካል። በሃይላንድ ውሃ ይሞላል፣ አፈር ላይ ያፈሳል፣ ጭቃውን በማንኪያ ይመታል፣ እንደገና ሊሞላ ይመጣል። አዋቂ ሲያየው ብክነት ይመስላል። ሕፃኑ ግን የሞላው ከባድ፣ የጎደለው ቀላል መሆኑን፣ ውሃ ወደ ዝቅታ እንደሚሄድ፣ ደረቅ አፈር ውሃ እንደሚጠጣ በገዛ እጁ እያየ ነው። አጠገቡ ቁጭ ብላ «ፈሰሰ፣ ሞላ፣ ከበደህ?» የምትለው ሞግዚት ወይም አያት ቋንቋም እያስተማረችው ነው።

እዚህ ላይ አጠገቡ መቀመጥ የሚለው መታለፍ የለበትም። ቆርኪ፣ ባቄላና ሳንቲም የሕፃን ጉሮሮ ይዘጋሉ። ጥቂት ውሃ የቀረበት ባልዲ እንኳ በአፍጢሙ ለተደፋበት ሕፃን ሞት ነው፤ ጨዋታው ሲያበቃ ወዲያው መደፋት አለበት። ስልክ ላይ ያቀረቀረ ጠባቂ ይህን ሁሉ አያይም።

መውደቁን ግን ይውደቅ። በሰዓት 17 ጊዜ የሚወድቅ ልጅ ሁሌም «እኔን! እኔን!» እየተባለ እቅፍ ውስጥ ቢገባ መነሣትን መቼ ይለማመዳል? ሣርና አሸዋ ላይ የወደቀ ሕፃን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው የአዋቂውን ፊት ነው፤ ፊቱ ከተረጋጋ እሱም ተነሥቶ ይቀጥላል።

ፀሐይ ሌላው ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ እናቶች አራስ ልጅ የጠዋት ፀሐይ ማሞቅ ያውቁበታል። ሆኖም ብርድ እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳይበላው ተብሎ ተሸፋፍኖ ቤት የሚውለው ሕፃን ጥቂት አይደለም። ዋጋውን በአዲስ አበባ የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ባሳተሙት በዚህ ጥናት፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል 210ሩ፣ ሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 መካከል ደግሞ 20ው ብቻ ሪኬትስ ተገኝቶባቸዋል። ሪኬትስ በአብዛኛው በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ፣ አጥንትን የሚያለሰልስ በሽታ ነው። ቫይታሚኑን ደግሞ ሰውነት የሚሠራው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኝ ነው። ፀሐይ በሞላበት አገር ልጆች በፀሐይ እጦት መታመማቸው የሚያስቆጭ ነው። እርግጥ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ የቀትር ፀሐይ ለሕፃን ይከብዳል፤ ጠዋት ይውጣ፣ ፀሐይ ሲበረታ ጥላ ይፈለግለት።

አፈሩ ያሳምምብኛል የሚለው የእናቶች ሥጋትም መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ፍሳሽ የሚሄድበት፣ ቆሻሻ የሚጣልበት አፈር ወስፋት ያስይዛል። መፍትሔው ግን ልጁን ሶፋ ላይ ማሰር አይደለም። ንጹሕ ቦታ መምረጥ፣ ጫማ ማድረግ፣ ጥፍር መቁረጥ፣ ሲገባ በሳሙና ማስታጠብ ሥጋቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያሉ ሕፃናት በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። የአንድ ዓመት ልጅ ቴሌቪዥንም ስልክም ባያይ ይመረጣል፤ ለሁለት ዓመት ልጅ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት መንቀሳቀስ በአንድ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አልጋና ቁም ሣጥን በሞሉት ወለል ላይ፣ ከቶ እንዴት ይሆናል?

ነገሩ ከወላጅ ጥረት አልፎ የሰፈር ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ሲሠሩ በብሎኮቹ መካከል ክፍት ቦታ ነበራቸው። ዛሬ ብዙው መኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ የተረፈው ላይ ሮቶ ተቀምጦበታል፣ ልብስ ተሰጥቶበታል። ትልልቆቹ ልጆች በመኪኖች መካከል ኳስ ያንከባልላሉ። ድክ ድክ የሚለው ግን ከኳሱም ከመኪናውም የሚሸሽበት ጥግ የለውም፤ በረንዳ ላይ ሆኖ በብረቱ መካከል ያያል። እንደ ወዳጅነትና እንጦጦ ያሉ ፓርኮች መከፈታቸው መልካም ነው፤ ከተማዋ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ መንገድ ለሰው በሚል መንገዶችን ለጥቂት ሰዓታት ከመኪና ነጻ ማድረጓም እንዲሁ። ነገር ግን ሕፃን በየቀኑ መውጣት አለበት፤ ታክሲ ተይዞ በወር አንዴ የሚደረስበት ፓርክ ይህን አይተካም።

ገንዘብ የለም ማለትም አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1943 በናዚ ጀርመን ጦር ተይዛ በነበረችው ኮፐንሃገን፣ ኤምድሩፕ በተባለ ሰፈር፣ ቁርጥራጭ ጣውላና የተጣለ ዕቃ የሞላበት የልጆች መጫወቻ ተከፍቶ ነበር። ሐሳቡ የዴንማርካዊው የመልክዐ ምድር አርክቴክት ካርል ቴዎዶር ሶረንሰን ነው። ያ ቦታ ለትልልቅ ልጆች የታሰበ ነበር። ከሦስት ዓመት በታች ላሉት የሚያስፈልገው ከዚያም ያንሳል፤ ሁለት መኪና የሚቆምበት ስፋት፣ መኪና የማያሳልፍ ዝቅተኛ አጥር፣ አንድ ጭነት ንጹሕ አሸዋ፣ ማታ ድመትና ውሻ እንዳይገባበት ሸራ፣ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ፣ ለሚጠብቁት አዋቂዎች አንድ አግዳሚ ወንበር።

ቦታውን የመስጠት ሥልጣን በቤት ባለቤቶቹ እጅ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የጋራ መጠቀሚያዎችን የቤት ባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ሀብት ያደርጋል፤ መኪና ያለው ከሌለው የበለጠ ድርሻ የለውም። ስለዚህ የኮንዶሚኒየም ማኅበራት ኮሚቴዎች በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ፣ ከጥበቃ ደመወዝና ከፍሳሽ ጥገና ጎን፣ የሕፃናት መጫወቻ ጥግ ብለው አንድ አጀንዳ ይያዙ። ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ወላጆችም ስብሰባው ላይ ይገኙ፤ እጃቸውን አውጥተው ይጠይቁ።