ገመድ የሌለው ጀግንነት ይቅርብን

ሰሞኑን አንድ ፎቶ ፌስቡኩን ሞልቶታል። አንድ ማር ቆራጭ ረጅም ቀረሮ ላይ በባዶ እግሩ፣ ያለ አንዳች ማሰሪያ ቆሟል። ከሥሩ "የኛ ጀግና" ተብሏል። "ይሄ ሰው በገመድ ይታሰር እንጂ" ብዬ ኮሜንት ብጽፍ የስድብ መዓት ወረደብኝ። አንዱማ "አንተ የዲፕሎማ መምህር፣ ባህላችንን ልታስተምረን ነው?" አለኝ። እሺ፣ በዲፕሎማዬ ልመልስ።

ካፋ ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር ስምንት ዓመቴ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነበር፤ ስለ ስበት ሳስተምር ፊት ለፊቴ ነበር የሚቀመጠው። አባቱ ቀፎ ሊያወርድ ወጥቶ ወድቆ ሞተ። ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ ቀፎዎቹን ተረከበ። በገመድ ውጣ ብለው "ቲቸር፣ አባቴም እንዲሁ ነበር የሚወጣው" አለኝ። እኔም የምፈራው እሱን ነው!

ከ20 ሜትር የወደቀ ሰው መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለዚህ "ለምጄዋለሁ" መልስ አይሆንም። ደግሞ ማር የሚቆረጠው በሌሊት፣ በጭስና በንብ መሀል ነው።

"ባህል" ላላችሁኝ፦ ደብረ ዳሞን ያየ ሰው ይመስክር። እዚያ አንዱን ጠፍር ይዘህ ትወጣለህ፤ ሌላው ወገብህ ላይ ይታሰርና አባ ከላይ ሆነው ላላ ባለ ቁጥር ይስቡታል። አንዱ መውጫ፣ አንዱ መያዣ። አባቶቻችን ሁለት ገመድ ነው ያወረሱን! ያለ ገመድ መውጣትን ባህል ያደረገው ድህነት ነው።

"ገመድስ አለን" የምትሉም አላችሁ። የቱ? በሬ የታሰረበት፣ ፀሐይ ያደረቀው ናይለን? ከውስጥ የበሰበሰ ሐረግ? ቋጠሮውን ራሳችሁ ሥሩ፤ ገመዱ ግን ለሰው መውጫ የተሠራ፣ 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ከ2 ቶን በላይ እንደሚሸከም የተጻፈበት ይሁን። ቋጠሮ ብቻውን የገመዱን አቅም ከሩብ እስከ ሲሶ ይቀንሳል። መቀመጫ ቀበቶውን ልብስ ሰፊ ጋ አታሰፉት፤ ጭንንም የሚይዝ፣ ተፈትኖ የተሠራ ግዙ።

ሁለት ቋጠሮ ይበቃል። የስምንት ቁጥር ቋጠሮ፣ ጫፉ አንድ ስንዝር ተርፎ። ሁለተኛው የኦስትሪያው ተራራ ወጪ ካርል ፕሩሲክ በ1931 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው፦ ቀጠን ያለ ጠንካራ ገመድ ቀለበት አድርጋችሁ ዋናው ገመድ ላይ ሦስት ጊዜ ትጠመጥሙታላችሁ። በእጅ ስትገፉት ይንሸራተታል፤ ክብደት ሲያርፍበት ነክሶ ይይዛል።

አንዱ ገመድ ግንዱን ዞሮ ከዳሌ ዳሌ፣ ሌላው ከራስ በላይ ይታሰር። ቅርንጫፍ ስታልፉ አንዱን የምትፈቱት ሌላው ከያዘ በኋላ ብቻ ነው። ገመዱ አይላላ። 70 ኪሎ ሰው 2 ሜትር ወድቆ ገመዱ በ20 ሳንቲ ሜትር ቢያስቆመው ወገቡ ላይ በአማካይ የ770 ኪሎ ጉልበት ያርፍበታል። ችቦውን ከገመዱ አርቁ፤ ናይለን ይቀልጣል። መጀመሪያ ከመሬት ግማሽ ሜትር ላይ ተንጠልጥላችሁ ሞክሩት።

"ውድ ነው" ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው። ታዲያ ማሩን በጠርሙስ አሽጎ የወጪውን ፎቶ የሚለጥፈው ነጋዴ ለምን ገመድ አይገዛም? ፎቶው ሲሸጥለት ሰውየው ሲወድቅ የማን ነው? እኛ መምህራንስ፣ ስለ ስበት በጥቁር ሰሌዳ ብቻ እያስተማርን ልጆቹን ወደ ዛፍ የምንሸኘው እስከ መቼ ነው? አንድ ክፍለ ጊዜ ለቋጠሮ ብንሰጥ ምን ይጎድላል?

እኔ ከደሞዜ ቆጥቤ አንድ ገመድና አንድ ቀበቶ ገዝቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ዋንዛ ላይ አሳያለሁ። የሰደባችሁኝም ኑ፣ አልቀየምኩም።

አንተ ልጅ፣ ይሄን ካነበብክ ግን ከሁሉም በፊት አንተ ና። ገመዱ እኔ ጋ ነው፤ ማሩ እስኪቆረጥ ውሰደው።